የሌሊት ጭፈራ እንግዳ

የዛሬው ወጋችን ከደቡብ ኦሞዋ ከተማ ከጂንካ ወደ ቆላው ወርዶ በሐመር ምድር የሚያድር ነው፤ መነሻው ግን የአዲስ አበባ ወጣቶች ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከማሽን ፊት ቆሞ፣ ዘፋኝ ሳይኖር መሰንቆም ሳይመታ፣ ብዙ ሕዝብ እስኪነጋ የሚያስጨፍርበት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሽት በከተማችን እየተለመደ ከመጣ ወዲህ፣ «ልሄድ ነውና ምን ልልበስ፣ ከወዴት ልቁም፣ እጄንስ ምን ላድርገው» የሚል ጀማሪ አይጠፋም፤ እኔም ሌሊቱን ከመጽሐፍና ከእንቅልፍ ጋራ ማሳለፍ የለመድሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ምክሩን ከራሴ አንቅቼ ከማወጣው ይልቅ፣ ሌሊትን በጭፈራ ማንጋት ከአባቶቻቸው ተቀብለው በሥርዐት ከያዙት ሰዎች ዘንድ ብዋሰው ይሻላል አልሁ። ለዚህ ትምህርት ከሐመሮች የሌሊት ጭፈራ፣ ከኢቫንጋዲ፣ የበለጠ ጉባኤ ቤት በአገራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለ ኤሌክትሮኒኩ ሙዚቃ ታሪክ ብዙ አልናገርም። የጭፈራው ዐይነት ልደቱ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ ከተሞች በቺካጎና በዲትሮይት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች እጅ ነው፤ የበርሊን ግንብ በ1989 ከፈረሰ በኋላም ያች ከተማ ባዶ የቀሩ ፋብሪካዎቿንና ምድር ቤቶቿን ከፍታ ስላስተናገደችው እንደ መንበሩ ተቈጠረች፤ ጀርመኖች በ2024 የዚህን ሙዚቃ አንድ ዐይነት፣ የበርሊንን ቴክኖ፣ በብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶቻቸው መዝገብ ላይ እስከ ማስፈር ደርሰዋል። ወደ እኛ ሲመጣም ባዕድ ሆኖ አልቀረም፤ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገራችንን የዜማ መሣሪያዎች ከማሽኑ ምት ጋራ አዋሕደው በውጭ አገር አሰሙ፤ ሮፍናን ኑሪ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ባወጣ ጊዜ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቀው ሕዝብ ከዚህ ሙዚቃ ጋራ ተዋወቀ።

ነገር ግን ወደ በርሊን ተመልሼ አንድ ነገር ልጨምር። ኢቮ ሽትሬከር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ ከባለቤቱ ከጂን ላይዳል ጋራ በ1970 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ ሐመር ወርዶ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰ ከኖረ በኋላ፣ የሐመሮችን ዜማ በሸክላ አሳትሞ ያወጣው በ1979 በምዕራብ በርሊን ነው። እንግዲህ ግንቡ ሳይፈርስ፣ ቴክኖም ገና ስም ሳይወጣለት፣ የሐመር ጭብጨባ በርሊን ገብቶ ነበር ማለት ነው። ይኸው ሰው ኋላ በጂንካ ከተማ፣ ከኮረብታው ላይ የተሠራው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማእከልና ሙዚየም እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ሆኗል፤ ወደ ቆላው የሚወርድ እንግዳ አስቀድሞ እዚያ ወጥቶ ግማሽ ቀን ቢያሳልፍ፣ ኋላ የሚያየውን ነገር በባዶ ዐይን ከማየት ይድናል።

ጂንካ ራሷ ማደሪያ ብቻ አይደለችም። በቀድሞው ጊዜ የአውሮፕላኑ ማረፊያ በከተማዋ መካከል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበረና፣ አውሮፕላን መምጣቱ ሲሰማ የሚግጡትን ከብቶች ማባረር ግድ ነበር። ቅዳሜ ገበያዋ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ይገበያያሉ፤ የጭፈራ ወሬም የሚገኘው በእነዚሁ ገበያዎች ነው እንጂ በማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። አንዳንዴ ከጭፈራው ጋራ የሚገጥመው የበሬ ዝላይ ሥርዐት፣ እነሱ ኡኩሊ ቡላ የሚሉት፣ በሚደረግበት ጊዜ ባለ ጉዳዩ ጎረምሳ ለዘመዶቹ የተቋጠረ ልጥ ይልክላቸዋል፤ ተጋባዡ በየቀኑ አንዳንድ ቋጠሮ እየፈታ ያልፋል፣ ቋጠሮው ባለቀ ዕለት ይነሣል። ጥሪው ለሰዓት የማይገዛ በመሆኑ፣ «በስንት ሰዓት ይጀመራል» ብሎ መወትወት እንግዳውን ከማስገመት በቀር ምንም አይፈይድለትም።

ኢቫንጋዲ የሚያምረው አዝመራ ገብቶ ማሽላው በጎተራ በተከማቸበት፣ ጨረቃም በሞላችበት ወራት ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴውን ይዘው የጨረቃዋን ዕድሜ እንደሚያሰሉ ሁሉ፣ እዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከአውቶቡሱ መነሻ ቀን አስቀድሞ ጨረቃዋን ይቍጠር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ከበሮ የለም። ከመንደሩ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ያላገቡ ጎረምሶች በረድፍ ይቆማሉ፤ አንዱ ስለሚወደው በሬ፣ ስለ ቀንዱና ስለ ቀለሙ እያሞገሰ ያዜማል፣ የቀሩት ይቀበሉታል፤ መዳፍና እግር ብቻ ምቱን ይይዛሉ። ከረድፉ ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ ፊት ይወጡና ጉልበታቸውን ሳያጥፉ፣ ክንዳቸውን ወደ ጎን ለቀው፣ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ይነሣሉ፤ ሲያርፉ የሜዳው አቧራ በጨረቃው ብርሃን ውስጥ ይታያል። በወዲያኛው ወገን ልጃገረዶቹ፣ ፀጉራቸው በቅቤና በቀይ አፈር ተለውሶ በቀጫጭኑ የተፈተለ፣ የለበሱት የፍየል ቆዳ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ፣ በእግራቸው ያለው ብረት በተራመዱ ቍጥር እየጮኸ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ያላዩ መስለው ይቆያሉ። ከዚያ አንዷ ብቻዋን ትወጣለች፤ ሳትቸኵል ሜዳውን አቋርጣ፣ ካሰበችው ጎበዝ ፊት ስትደርስ በእግሯ ጫፍ እግሩን መታ አድርጋ ፊቷን መልሳ ትሄዳለች። ምርጫው ይኸው ነው፤ ንግግርም የለበትም።

ቅዱሱን ከዓለማዊው ማቀላቀሌ እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ ይህን ሌሊት ከማኅሌት ሌሊት ጋራ የሚያስተያይ አንድ ጠባይ አለ። ወረብ ሲጀመር ከበሮው በቀስታ፣ መቋሚያው በዝግታ ነው፤ የመጀመሪያውን ዝግታ የታገሠ ሰው ብቻ ኋላ ጭብጨባውና ጸናጽሉ ሲፈጥኑ የሚሆነውን በአካሉ ያውቀዋል፣ ለፍጻሜው ብቻ የመጣው ግን ጩኸት ሰምቶ ይመለሳል። ኢቫንጋዲውም ይህንኑ መንገድ ይሄዳል፤ ማሽኑን የሚያዝዘው የከተማ ልጅም፣ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ከሚደርሰው ሙዚቃ ላይ ድምፆችን አንድ በአንድ እየጨመረና እየቀነሰ ሰዓታት የሚፈጅበት ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ለጀማሪው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ቀድሞ ይሂድ የሚል ነው፤ ሰው ሳይሞላ፣ ነገሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይግባ፤ «ሲሞቅ እመጣለሁ» የሚል ሰው የሞቀው ነገር ለምን እንደ ሞቀ አይገባውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። የጀማሪ ትልቁ ስሕተት ጭፈራን እንደ ትርኢት መቍጠሩ ይመስለኛል። ቴአትር ቤት የገባ ሰው ወንበሩን ገዝቷልና ተመልካች መሆኑ የተገባ ነው፤ በኢቫንጋዲ ግን መድረክም ወንበርም የለም፤ ከዳር የቆመችው ልጃገረድ እንኳ ዳኛ ናት እንጂ ተመልካች አይደለችም። በመካከሉ አንድ ዐይን ብቻ የሆነ ሰው፣ ምንም ሳይሰጥ ለመውሰድ የቆመ ሰው ቢገባበት፣ የዚያ የአንዱ ሰው አስተያየት የሌሎቹን ሁሉ አካል ያስረዋል። የእኛም የከተማ ልጆች ሁሉም ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ ስልኩን አንሥቶ ሲቆም፣ ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳያይ ያነጋል፤ ማሽኑን የሚያዝዘው ሰው ግን የሚታይ ነገር እምብዛም የለውም፣ የሚሠራው በጣቱ ነውና።

ይህንን በርሊኖችም ሐመሮችም ሳይመካከሩ ደርሰውበታል። በበርሊን ስመ ጥር በሆኑት የጭፈራ ቤቶች በር ላይ በእንግዳው ስልክ የካሜራ ዐይን ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ በደቡብ ኦሞ ደግሞ ሰዉ ለሚነሣው ፎቶግራፍ ዋጋ ያስከፍላል። ብዙ ጐብኚ በዚህ በኋለኛው ሲያጕረመርም፣ ባህሉ በገንዘብ ተበላሸ ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን መልኩ በባዕድ አገር በመጽሐፍና በፖስት ካርድ ሲሸጥ የኖረ ሰው የራሱን ድርሻ መጠየቁ ፍትሕ ነው ባይ ነኝ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ክፍያው ሰውየውን ይጠብቅለታል፣ ሌሊቱን ግን አይጠብቅለትም፤ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ጎረምሳው የሚዘለው ለልጅቷ መሆኑ ቀርቶ ለካሜራው መስተዋት ይሆናልና። ፎቶ የፈለገ በገበያ ቀን፣ በፀሐይ፣ አስፈቅዶና ከፍሎ ያንሣ፤ ሲመሽ ካሜራውን ከማደሪያው ትቶ ይምጣ። ብልጭታውም የእጅ ባትሪውም ጨረቃዋን ያጠፋሉ።

ለእንግዳ ተብሎ፣ በቀንም ቢሆን በሎጅ ግቢ፣ በስምምነት የሚደረግ ጭፈራ አለ። ይህን ሐሰት ነው ብዬ አልነቅፈውም፤ ወጣቶቹ የሚያተርፉበት ሥራ ነው። ብቻ የከፈለው ሰው «ያየሁት ኢቫንጋዲ ነው» እያለ እንዳይምል። እውነተኛውን የሚሻ በአካባቢው አስጎብኚ አማካይነት የመንደሩን ሽማግሎች ያስጠይቅ፤ ዛሬ አይሆንም ከተባለም ዛሬ አይሆንም።

ጭፈራው ከኡኩሊ ቡላ ጋራ የገጠመ እንደ ሆነ ደግሞ እንግዳው ልቡን አዘጋጅቶ ይሂድ። ጎረምሳው ራቁቱን በተሰለፉት ከብቶች ጀርባ ላይ አራት ጊዜ ተመላልሶ ይሮጣል፤ ከዚያ በፊት ግን የዘመዶቹ ሴቶች የቆርቆሮ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ማዝ የተባሉት ወጣቶች በልምጭ እንዲገርፏቸው ይለምናሉ፣ ይገረፋሉም፤ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ከገላቸው አይለይም። እኔ ይህን ለመውደድ አልቻልሁም፣ እንድትወዱትም አልመክርም፤ ነገር ግን የሰው ሥርዐት መካከል ገብቶ መጮህም፣ ከዚያ የባሰውም መሣቅ፣ የእንግዳ ግብር አይደለም። ዐይኑ የማይችል ፈቀቅ ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ስለ ልብስና ስለ መጠጥ ጥቂት። ነጭ አትልበሱ፤ በጭፈራው መካከል ከሳቧችሁ ቅቤና ቀይ አፈሩ ከሸሚዛችሁ ላይ ያርፋል፣ በቀላሉም አይለቅም። እጅጌው ረጅም ይሁን፣ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ሌሊት ነውና፤ ስትመለሱም ያለ አጎበር አትተኙ። ሽፎሮ፣ ይኸውም የቡናው ገለባ የተፈላበት፣ በቅል ሲሰጣችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉና ቀመስ አድርጉ፤ ከማሽላ የሚጠመቀውን ጠላ ግን የቆላ ሙቀት አግዞት ፈጥኖ ስለሚይዝ በልክ አድርጉት። ስትሳቡ እንቢ አትበሉ፣ ሳትሳቡ ግን አትግቡ፤ የሐመሯ ልጅ እግሯን በወረወረችበት ሰው ላይ እንጂ በሌላው ላይ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ፣ በከተማውም ምሽት አጠገባችሁ የምትጨፍር ሴት መጨፈሯ ለእናንተ ጥሪ አይደለም። በከተማው ከመሄዳችሁ በፊት ብሉ፣ በየመካከሉ ውሃ ጠጡ፣ አስቀምጣችሁት የዞራችሁትንም ብርጭቆ ተመልሳችሁ አታንሡ።

ጆሮን በሚመለከት ሐመሮች የሚያስተምሩን የለም፤ መዳፍና ብረት ጆሮ አያደነቍርም። የድምፅ ማጉያው ግን ያደነቍራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ደንብ በእንዲህ ያለ ስፍራ አማካዩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ የሥራ ጤና ዐዋቂዎች ግን በዚያ ልክ ሩብ ሰዓት ከቈየ ጆሮ የዕለት ድርሻውን ጨርሷል ይላሉ። ከማጉያው ራቁ፣ የጆሮ መድፈኛ ግዙ (ጥጥ እምብዛም አይከላከልም)፣ በየሰዓቱም ወደ ውጭ ወጥታችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ፤ ጭው ማለት ከጀመረ ወደ ቤት ሂዱ።

የቀረው መመለሱ ነው። ከቱርሚ አጠገብ ያለው የካስኬ ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች በእጃቸው ጭረው ውሃ ያወጡበታል። ከላይ ከተራራው ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ ግን፣ በእናንተ ራስ ላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በድንገት ሞልቶ ይወርዳል። ሾፌሩ «አሁን አንሻገርም» ካለ አትከራከሩት፤ ጎርፉ በጥቂት ሰዓት ስለሚጎድል ከመኪናው ወርዳችሁ ነጠላችሁን ተከናንባችሁ ጠብቁ። በአዲስ አበባ ደግሞ ወንዙ የለም፤ የሚያሠጋው የጠጣ ሾፌር ነውና፣ ጓደኛችሁ ከሆነ ቁልፉን ተቀበሉትና ታክሲ ጥሩ፤ የታክሲውንም ሒሳብ ከመግቢያው ዋጋ ጋራ አስቀድማችሁ ለይታችሁ ያዙ።