ኮከብ ማየትና ኮከብ መቁጠር



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ትምህርታችን ከቡታጅራ አንድ አባት ካደረሱን ጥያቄ የተነሳ ነው። እኚህ አባት እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ትምህርቱንም መድረሳውንም አይበድልም። በታኅሣሥ ወር ከጓደኞቹ ጋር ዘቢዳር ተራራ ላይ አድሮ ከዋክብትን ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ግን አልፈቀድኩለትም። ብርዱ አለ፣ ጅቡ አለ። ከሁሉም በላይ ኮከብ መቁጠር ሐራም ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ አኩርፎኛል። ምን ትሉኛላችሁ?»

በመጀመሪያ ለጠያቂያችን የምንለው፣ ልጅዎ የት እንደሚያድርና ከማን ጋር እንደሚያድር መጨነቅዎ የአባትነት አማናዎ ነውና አላህ ይመንዳዎ። ጥያቄዎ ግን ሁለት ጉዳዮችን በአንድነት የያዘ ነው። አንዱ የዲን ጥያቄ ነው፤ ሌላው የጥንቃቄ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለያይተን እንመልከታቸው።

በአማርኛችን «ኮከብ መቁጠር» ስንል ብዙ ጊዜ የምንገልጸው የጠንቋዩን ሥራ ነው። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ደምሮ ኮከብህ ይህ ነው፣ ከእገሌ ጋር አትጋባ፣ በዚህ ቀን አትነግድ ማለት ነው። ይህ ያለ ጥርጥር ሐራም ነው። የሩቅን ሚስጥር ከአላህ በቀር ማንም አያውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በከዋክብት የሚደረገውን ጥንቆላ የድግምት ቅርንጫፍ አድርገው እንደቆጠሩት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በሑደይቢያም ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ባደረ ጊዜ፣ ዝናቡን የአላህ ችሮታ ነው ያለውን ሰው ከአማኝ፣ በእገሌ ኮከብ ምክንያት ዘነበልን ያለውን ደግሞ ከከሐዲ እንደመደቡት በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» ብለው ነበር። የአላህ መልእክተኛ ግን በዚያ የሐዘን ቀን እንኳ ይህን ወሬ ዝም ብለው አላለፉትም። ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተአምራት መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ወደ ሰላትም ጠሩ።

ኮከብ ማየት ግን ሌላ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ከዋክብትን በየብስና በባሕር ጨለማ ውስጥ መንገድ ማወቂያ እንዳደረገልን በሱረቱል አንዓም ነግሮናል። በሱረቱል ሙልክ ደግሞ ሰማይን ደግመን ደጋግመን እንድናይ፣ ጉድለት ይገኝበት እንደሆነ እንድንመረምር ያዘናል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ገና ልጅ ሳሉ በአክስታቸው በመይሙና (ረ.ዐ) ቤት ባደሩበት ሌሊት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእንቅልፋቸው ተነስተው ወደ ሰማይ ተመልክተው የሱረቱ ኣሊ ዒምራንን የመጨረሻ አንቀጾች ሲቀሩ ማየታቸውን ተርከዋል። እንግዲህ በሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ማለት ከሱናው ቤት የወጣ ነገር አይደለም።

ነቢዩላህ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ) ከኮከብ አምላኪዎች ጋር የተከራከሩት ሰማዩን በማየት ነው። ኮከቡ ጠለቀ፣ ጨረቃዋ ጠለቀች፣ ፀሐይዋ ጠለቀች፤ እርሳቸውም የሚጠልቀውን ትተው ወደማይጠልቀው ፈጣሪ ዞሩ። ዐረቦች ያመልኩት የነበረውን ሸዕራ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ቁርኣን በስሙ ጠርቶ ጌታው አላህ መሆኑን የነገረን ለዚሁ ነው። የልጅዎ ዓይን በዘቢዳር ላይ ይህንኑ ኮከብ ያያል። ከእኛ የሚጠበቀው ጌታውን እንዲያስብ ማስተማር ነው።

ውድ አድማጮች! የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ዕውቀት ለባዕድ አልተዉትም። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ በ964 ገደማ ባዘጋጁት የከዋክብት መጽሐፍ ውስጥ እንደ ትንሽ ደመና ሆና የምትታይ ነገር መዝግበዋል። ዛሬ ያች «ደመና» አንድሮሜዳ የምትባል፣ ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚወስድበት የከዋክብት ጭፍራ መሆኗ ታውቋል። በደማስቆ የኡመውያ መስጊድ ደግሞ እ.ኤ.አ ከ1304 እስከ 1375 የኖሩት ኢብኑ አሽ-ሻጢር ሙወቂት ነበሩ፤ ሥራቸውም የሰላት ወቅቶችን ከሰማይ መለካት ነበር። ዛሬ የፈረንጅ መጻሕፍት እንኳ አልደበራን፣ ሪጅል እያሉ ብዙ ከዋክብትን የሚጠሩት በዐረብኛ ስማቸው ነው። በሀገራችንም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ በ2004 ተመሥርቷል፤ በእንጦጦ ተራራም እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወቶች የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሙስሊም ልጅ በዚህ ዘርፍ ቢሰማራ አባቶቹ በሄዱበት መንገድ መሄዱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ጥንቃቄው እንመለስ። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዘቢዳር 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቅዝቃዜው በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከተማው ውስጥ ጋቢ የሚያስለብስ ሌሊት ተራራው ላይ ውርጭ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ይሁንና ሰማዩ ከክረምቱ ደመና የሚጠራው በዚሁ የብርድ ወቅት ነው። ስለዚህ ለሚሄዱ ሁሉ የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ብቻቸውን አይሂዱ። ከወላጆች ወይም ከኡስታዞች መካከል ኃላፊነት የሚወስድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሁን። ሴት ልጆች መሄድ ከፈለጉ ከአባቶቻቸው ወይም ከወንድሞቻቸው ጋር፣ በቤተሰብ ደረጃ ይሁን። የደጋው ገበሬ ባለቤት ነውና ቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። እርሱ ነፋስ የማይመታውን ቦታ፣ የጅቡንም መተላለፊያ ያውቃል። ጥላችሁበት የምትሄዱት ፌስታልም አይኑር።

ሁለተኛ፣ ቀኑን በሂጅራ አቆጣጠር ምረጡ። የጨረቃ ብርሃን ከዋክብትን ስለሚሸፍን፣ ከወሩ የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች የተሻለ የለም። በነዚያ ሌሊቶች ጨረቃ ብትታይም ንጋት አካባቢ ቀጥና ጎብጣ ነው፤ በሱረቱ ያሲን እንደ አሮጌ የተምር ዘንግ የተመሰለችውን ያን ጊዜ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

ሦስተኛ፣ ሰላትን የሚያሳልፍ ጉዞ የከሰረ ጉዞ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ ነበር፤ ዑለማዎች ግን ለዕውቀት የሚደረገውን ውይይት ከዚህ ለይተውታል። እንግዲህ ሌሊቱ የዕውቀት ይሁን፤ የቀልድና የዘፈን አይሁን። ዒሻን በጀመዓ ስገዱ፣ ተራ ገብታችሁ ተኙ፣ ለፈጅር የሚቀሰቅስ ይመደብ። ከቡታጅራ ለሚነሳ ሰው ርቀቱ የሙሳፊር ርቀት አይደለምና ሰላት አይታጠርም። ለውዱእ ውኃ የምታሞቁበት ማንቆርቆሪያና ከሰል ያዙ፤ በደረቅ ሣር ላይ ግን እሳት አታንድዱ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዘመቻ ላይ ሳሉ ጀናባ ሆነው በብርዳማ ሌሊት በውኃ መታጠብ ይገድለኛል ብለው በመስጋት ተየሙም አድርገው እንደሰገዱ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ስቀው ዝም እንዳሉ ተዘግቧል። ዲናችን ነፍስን የሚጠብቅ ዲን ነው። ውኃ ማሞቅ የሚችል ሰው ግን በዚህ አያመካኝ።

አራተኛ፣ ሞባይላችሁን አጥፉ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ካየ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ባትሪ ካስፈለገ ቀይ ጨርቅ ወይም ቀይ ላስቲክ ሸፍኑበት። ለስንቅ ቆጮና ጎመን፣ ትኩስ ቡና ወይም ሻይ በፔርሙስ ይበቃል።

እነዚህ ከተሟሉ ልጆቹ ምን ያያሉ? ገና ሲመሽ፣ ከአናታቸው ወደ ሰሜን ጠጋ ብላ፣ አስ-ሱፊ የመዘገቧት ደመና አለች። በምሥራቅ በኩል ሱረያ የተባሉት ተጠጋግተው የተሰበሰቡ ከዋክብት ከፍ ብለዋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን እሱረያ ዘንድ ቢሆን እንኳ ከፋርስ ሰዎች የሚደርሱበት አሉ ሲሉ በሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ላይ እጃቸውን ያሳረፉት የነዚህን ከዋክብት ስም ጠርተው ነው። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሸዕራ ከፍ ብሎ ያበራል፤ ከእርሱ በስተደቡብ ዝቅ ብሎ ሱሀይል ይታያል።

ወደ ንጋት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ በሰሜን በኩል ዐረቦች በናት ነዕሽ የሚሏቸው ሰባት ከዋክብት ቆመው ይታያሉ። ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀጥታ ወደ ታች ወደ ሰሜን ኮከብ ያመለክታሉ። በእኛ ሀገር የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ ስምንት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚነሳ በቤትና በዛፍ ይከለላል፤ ከተራራ ላይ ግን ሰሜኑ ክፍት ከሆነ ይገኛል። ከቡታጅራ መካ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቅ፣ አቅጣጫዋም ሰሜን ሆኖ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ያን ኮከብ ያገኘ ልጅ ያለ ኮምፓስ ቂብላውን አገኘ ማለት ነው። በእግራቸው ወደ አብሬትና ወደ ቃጥባሬ ለዚያራ ይጓዙ የነበሩ አባቶቻችን የመንገድ መብራትም ሞባይልም አልነበራቸውም፤ ይህ ሰማይ ግን ነበራቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የንጋቱ ትምህርት ነው። ከፈጅር በፊት በምሥራቅ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ደብዛዛ ብርሃን አለ። ይህ ፈጅሩል ካዚብ፣ ሐሰተኛው ንጋት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ወደ ላይ የቆመው ብርሃን ከሱሑራችን እንዳያግደን አስተምረውናል። እውነተኛው ፈጅር ከዚያ በኋላ በአድማሱ ላይ ወደ ጎን እየሰፋ ይመጣል። ስንቶቻችን ነን ይህን ልዩነት በኪታብ ቀርተን በዓይናችን ያላየን? በከተሞቻችን፣ በወልቂጤም በቡታጅራም፣ የመብራቱ ብርሃን ሸፍኖታል። ፆም የሚጀምርበትን፣ ሰላት የሚገባበትን ምልክት የሰዓት ቁጥር ብቻ አድርገነዋል። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ ምልክቱን ያላየ ትውልድ ግን ቁጥሩ ቢሳሳት በምን ያውቃል?

ሌላም ነገር አለ። ልጆቻችን ነገ ከቤት ይወጣሉ። ከፊሉ መርካቶ ይገባል፤ ከፊሉ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ጆሃንስበርግ ይደርሳል። እዚህ ወደ ሰሜን መስገድ የለመደች ልጅ ቤይሩት ስትደርስ የሰሜን ኮከብን ከጀርባዋ ማድረግ አለባት፤ መካ በደቡቧ ናትና። በሪያድ ቂብላው ወደ ምዕራብ ይዞራል። በጆሃንስበርግ ያለው ወንድሟ ደግሞ ያን ኮከብ ጨርሶ አያየውም፤ ከአድማስ በታች ነው። ሰማዩን ያወቀ ልጅ በሄደበት ሁሉ የት እንደቆመና ወደ የት እንደሚዞር ያውቃል። ሸዕራ ግን ከሁሉም ዘንድ ይታያል። ወልቂጤ ያለች እናት በታኅሣሥ ሌሊት ተነስታ ለተሰደደች ልጇ ዱዓ ስታደርግ፣ ልጅቱ በዚያች ሰዓት ያንኑ ኮከብ እያየች ሊሆን ይችላል። የሁለቱም ጌታ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ይሰማል።

ስለዚህ ጠያቂያችን ሆይ! ልጅዎ የጠየቀው ኮከብ እንዲቆጥር ሳይሆን ኮከብ እንዲያይ ነው። ይህ በመሠረቱ የተፈቀደ፣ በኒያው ከተስተካከለ ደግሞ የሚመነዳበት ነገር ነው። ብቻውንና ያለ ኃላፊ መላኩን ግን መከልከልዎ ትክክል ነው። እንግዲህ የእኛ ምክር አንድ ነው፦ አብረውት ይሂዱ። ጋቢዎን ደርበው፣ የጓደኞቹን አባቶች አስተባብረው ይውጡ። እርስዎ ከአባትዎ የሰሙትን የሌሊት መንገድ ወግ ይንገሩት፤ እርሱ ደግሞ በትምህርት ቤት የተማረውን ያሳይዎት። ፈጅርን ጎን ለጎን ሆናችሁ ስትሰግዱ ኩርፊያው ኢንሻአላህ ይቀራል። ጉልበትዎ ለተራራው ካልፈቀደ ደግሞ የግቢውን መብራት አጥፍታችሁ ከደጃችሁ ጀምሩ።

ያ አላህ! ልጆቻችንን ፍጥረትህን አይተው አንተን ከሚያስታውሱት አድርጋቸው። በስደት ያሉትን ጠብቅልን፣ በሰላም መልስልን። በአባትና በልጅ መካከል ያለውን ልብ አስተካክልልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።