እጀታው ለእጁ ነው ወይስ እጁ ለእጀታው?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርትና ስለ አገር ዕድገት ሲናገሩ አዳምጣችኋል። እኔ ግን የተነሣሁት ከስንዝር ስለማይበልጥ አንድ እጀታ ለመናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ትሉ ይሆናል። ቁም ነገር እንዳለው በራሴም በጓደኛዬም ላይ ከደረሰው ተምሬአለሁና ጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ።

እንደምታውቁት የሻሞላ ቡድናችን ከማኅበሩ በተመደበለት ገንዘብ አሥር ፎይል ሊገዛ ነው። የነዚህ ፎይሎች እጀታ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎታል፤ በሚመጣው ቅዳሜም ድምፅ ይሰጥበታል። ገንዘቡ የሁላችን ስለ ሆነ፥ የቡድኑ አባል ያልሆናችሁም ነገሩን ብትረዱት መልካም ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ለማያውቁት ላስረዳ። የሻሞላ ግጥሚያ በሦስት ዓይነት መሣሪያ ይካሄዳል፤ እነርሱም ፎይል፥ ኤፔና ሳብር ናቸው። በፎይል የሚነካው ደረትና ጀርባን ጨምሮ ግንዱ ብቻ ነው፤ በኤፔ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ሁሉም ይነካል፤ በሳብር ደግሞ ከወገብ በላይ ያለው ክፍል ነው። ፎይልና ኤፔ በጫፋቸው የሚወጉ ሲሆኑ፥ ሳብር በጎኑም ይመታል። የሳብር እጀታ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ የምርጫ ጣጣ የለበትም። ጭቅጭቁ ያለው በፎይልና በኤፔ ላይ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ሲፈቱ አሠራራቸው ቀላል ነው። ረጅሙ ብረት በስተኋላው ቀጭን ጅራት አለው። ይህ ጅራት እጅን በሚሸፍነው ሳህን መሳይ መከታ ውስጥ ያልፍና በእጀታው ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻም ይታሰራል። እንግዲህ እጀታ ማለት በተጋጣሚውና በመሣሪያው መካከል ያለ ድልድይ ነው። የመሣሪያው ጠቅላላ ርዝመት ከ110 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱም ለፎይል ከ500 ግራም፥ ለኤፔ ከ770 ግራም እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። ይህን ርዝመትና ክብደት ጣቶቻችን የሚያዙት በእጀታው በኩል ነው።

የእጀታ ዓይነቶች በጠቅላላው ሦስት ናቸው። አንደኛው የፈረንሳይ እጀታ ነው። ይህ ቀጥ ያለ ወይም በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ዘንግ ሲሆን፥ በመጨረሻው እንደ ጉልላት የተቀመጠ ከባድ ብረት አለው። ይህ ጉልላት መሣሪያውን ያስራል፤ ክብደቱንም ወደ እጅ በመሳብ ያመዛዝናል። ሁለተኛው የጣሊያን እጀታ ነው፤ ከመከታው በስተኋላ አግድም ብረትና ጣት የሚገባባቸው ቀለበቶች አሉት፤ ከእጅ አንጓም ጋር በጠፍር ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ ብቻውን አምስት የወርቅ ሜዳልያ የወሰደው ኔዶ ናዲ የወጣው ከጣሊያን ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ግን ይህን እጀታ የሚይዝ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሦስተኛው ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ስፍራና ወጣ ወጣ ያሉ ቅርንጫፎች ያሉት፥ ሲይዙት ሽጉጥ የጨበጡ የሚያስመስል በመሆኑ የሽጉጥ እጀታ የሚባለው ነው። ቤልጂክ፥ ቪስኮንቲ፥ ሩስያ እየተባለ ልዩ ልዩ ቅርፅ አለው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ልምምድ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ የታወቀ ሻምፒዮን በፊልም ሲጋጠም አየሁ። የያዘው የሽጉጥ እጀታ ነበር። በማግሥቱ የቆጠብኳትን ገንዘብ አውጥቼ ያንኑ የመሰለ፥ ያውም ትልቁን ልክ ገዛሁ። ትልቅ ሰው ትልቅ እጀታ ይይዛል መስሎኝ ነበር። እጀታው በመዳፌ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ እንዳያመልጠኝ ጨምቄ መያዝ ጀመርኩ። በፈተና ጊዜ እስክርቢቶውን አንቆ የሚይዝ ተማሪ ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርስ እጁ እንደሚደነዝዝ ሁሉ፥ የእኔም ክንድ በአንድ ግጥሚያ እኩሌታ ላይ እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። የተጋጣሚዬን ብረት በጣቶቼ ዞሬ ማለፍ ሲገባኝ በትከሻዬ እገፋ ጀመር። በዚያ ዓመት የተሸነፍኩባቸውን ግጥሚያዎች ብዛት ልነግራችሁ አልፈልግም። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለጌጥ ብቻ አለመነገሩን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

የእኔስ የራሴ ጥፋት ነው። የጓደኛዬ ግን ከዚህ ይከፋል። ይህች ጓደኛችን ግራኝ ናት፤ እጇም ትንሽ ነው። በመጋዘናችን የነበሩት የሽጉጥ እጀታዎች በሙሉ ለቀኝ እጅ የተቀረፁ ነበሩ። የሽጉጥ እጀታ እንደ ጫማ ነው፤ ቀኝና ግራ አለው፤ ልክም አለው። የቀኙን በግራ ሲይዙት ቅርንጫፉ መዳፍን ይወጋል እንጂ አያርፍም። እርስዋም ከመጣች ጀምሮ ምንም ሳትናገር በቀኝ እጇ ስትለማመድ ቆየች። ከእርስዋ በኋላ የጀመሩት ሁሉ ሲያልፏት፥ እኛ «ተሰጥዎ የላትም» እንል ነበር። አንድ ቀን ቀጥ ያለ የፈረንሳይ እጀታ ያለው አሮጌ ፎይል አገኘችና በግራዋ ያዘችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ የቡድኑ አባሎች ታውቃላችሁ፤ በተለይ በእርስዋ የተሸነፋችሁ። ተሰጥዎ የጎደለው እጀታው ነበር ማለት ነው።

ግራኝነት በዚህ ስፖርት ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ቀኝ እጅ ብቻ ለለመደ ተጋጣሚ አስቸጋሪ ነው። ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ማንጃሮቲ በተፈጥሮው ቀኝ ሆኖ ሳለ፥ የሻሞላ መምህር የነበሩት አባቱ በግራ እጁ እንዲጋጠም አሠልጥነውታል። እርሱም ከእ.ኤ.አ. 1936 እስከ 1960 ድረስ በኦሊምፒክ 13 ሜዳልያ አግኝቷል፤ ከነዚህም 6ቱ ወርቅ ናቸው። ሌላው ቀኙን ግራ ሲያደርግ፥ እኛ ግራዋን ቀኝ ስናደርግ ኖርን!

አሁን የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳላጣምም ላቅርብ። እነርሱ የሚሉት «በዓለም ውድድር ፎይል የሚይዙት ሁሉ ማለት ይቻላል የሽጉጥ እጀታ ይዘዋል፤ እኛ ለምን ወደኋላ እንቀራለን?» ነው። የሚሉት እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። የኤሌክትሪክ መቁጠሪያ ለኤፔ በ1930ዎቹ፥ ለፎይል ደግሞ በ1950ዎቹ እኩሌታ ገብቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በኤሌክትሪክ ፎይል ተወዳድረዋል። በጫፉ ላይ የተጨመረው መሣሪያ የፎይሉን አፍንጫ ስላከበደው፥ ጫፉን አጥብቆ የሚገዛ እጀታ ተፈላጊ ሆነ። የሽጉጥ እጀታ ለጨበጣ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ብረት በብረት ሲመታ ከእጅ አያመልጥም፤ የጣት ኃይል ያነሰውን ሰው ይረዳል። ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን የሚሰጠው ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። የሽጉጥ እጀታ እጅን በአንድ ስፍራ ላይ ያስራል። ደንቡም የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ ልዩ ቅርፅ ያለው እጀታ የእጅን አያያዝ በአንድ ቦታ መወሰን አለበት፤ የተዘረጋው አውራ ጣትም ከመከታው ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። የፈረንሳዩን ግን በፈለጉበት ስፍራ መያዝ ይፈቀዳል። የኤፔ ተጋጣሚዎች ወደ ጉልላቱ ጠጋ ብለው ይይዙትና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያተርፋሉ። እጅም እግርም በሚነካበት ግጥሚያ ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። በምትኩ ብረታቸው ሲመታ መልሶ ለመመከት ኃይል ያንሳቸዋል። ሲያጠቁ እጅን በእጀታው ላይ ማንሸራተት ግን ክልክል ነው። እንግዲህ በደፈናው የሚሻል እጀታ የለም፤ ያለው ለዚህ መሣሪያ፥ ለዚህ አጨዋወትና ለዚህ እጅ የሚሻል እጀታ ነው።

ሻምፒዮኖቹ የያዙትን እጀታ የመረጡት ከብዙ ዓመት ልምምድ በኋላ፥ በእጃቸው ልክ፥ ለየራሳቸው ነው። የእኛ አሥር ፎይሎች ግን የአንድ ሰው አይደሉም፤ ሰኞ አንዱ፥ ረቡዕ ሌላው ይይዛቸዋል። አሥር ጥንድ ጫማ በአንድ ልክ፥ ያውም ሁሉንም የቀኝ እግር ገዝቶ «አገልግሉበት» እንደ ማለት ነው። ቀጥ ያለ የፈረንሳይ እጀታ ግን ግራና ቀኝ፥ ትልቅና ትንሽ አይመርጥም። ለጀማሪም መምህር ነው፤ በጭበጣ ኃይል መመካት ስለማይቻል አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፉን መምራት፥ ሦስቱ ጣቶች ደግሞ ማገዝን ይለምዳሉ።

ሌላም በገንዘብ ያዥ ዓይን የሚታይ ነገር አለ። ለሽጉጥ እጀታ የሚሆን ብረት ጅራቱ በመጋዝ ይቆረጣል፤ የሚያስረው ዳዶ በእጀታው ውስጥ ስለሚቀር ነው። ለፈረንሳይ እጀታ ግን ጅራቱ እስከ ጉልላቱ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከፈረንሳይ ወደ ሽጉጥ መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሽጉጥ ወደ ፈረንሳይ ግን የተቆረጠ ጅራት አይበቅልም። በማናውቀው ነገር ላይ ስንወስን፥ መመለሻ ያለውን መንገድ መምረጥ ብልኅነት አይደለምን?

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ ጅራታቸው ሳይቆረጥ በቀጥተኛ የፈረንሳይ እጀታ ይገዙ። ሦስቱ የሽጉጥ ይሁኑ፤ አንዱ ትንሽ የቀኝ፥ አንዱ መካከለኛ የቀኝ፥ አንዱ የግራ። ልምምዱን የጠና አባል የሚስማማውን ከነዚህ ሞክሮ፥ ወደ ፊት ለራሱ ይግዛ። ሲሞክርም ጓንቱን አጥልቆ ይሁን። ጣቶቹ ተዘርግተው የሚቀሩ ከሆነ ትልቅ ነው፤ ጥፍሩ መዳፉን የሚነካ ከሆነ ትንሽ ነው። ከዚያም ክንዱን ዘርግቶ በባልንጀራው መከታ ዙሪያ ጫፉን አሥር ጊዜ በጣት ብቻ ያዙር። ትከሻው ከተነሣ ወይ እጀታው አልተስማማውም፥ ወይ ጨምቆ ይዞታል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያችን ጓደኛችንን ያህል ጊዜ ዝም ያሰኛት ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። መሣሪያውን የገዛው ሰው የራሱን እጅ አይቶ ስለ ገዛ ብቻ ነው። ቅዳሜ እጃችንን ለድምፅ ስናነሣ፥ በአዳራሹ ውስጥ የሚነሡት እጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን እንመልከት።