ለባልንጀራው ጽዋ ስለሚቀዳ ሰው
(ጥር 12 ቀን በቃና ዘገሊላ በዓል የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ትናንት ታቦታቱን ከጥምቀተ ባሕር ያጀብን ሰዎች፣ ዛሬ ደግሞ ጌታችን በሠርግ ቤት ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን ተአምር እናስባለን። ወሩ የሠርግ ወር ነውና በየመንደሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ጠጁ ተጥሏል፤ ጠላውም ተጠንስሷል። ስለዚህ ዛሬ ልንነግራችሁ የመረጥነው ነገር ለበዓሉ የማይስማማ መስሎ ቢታያችሁ አትዘኑብን፤ ስለ ወጣቶችና ስለ መጠጥ ነውና።

ከወጣቶቹ መካከል ልንመክራቸው በጠራናቸው ጊዜ፣ «ጌታ ራሱ በቃና ወይን ሰጥቶ የለምን?» ብለው የሚመልሱልን አሉ። ሌሎቹም ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መምከሩን ያነሣሉ። ቃሉን ማወቃቸው ደስ ያሰኘናል፤ ነገር ግን አስተውለው ቢያነቡት በወደድን ነበር። ጢሞቴዎስ ወጣት ነበረ፤ ሐዋርያውም በዚያው መልእክት፣ ስለ ወጣትነቱ ማንም እንዳይንቀው አሳስቦታል። ይህ ወጣት እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚጠጣው ውኃ ብቻ ነበር። መምህሩ ወይን ያዘዘለት ስለ ታመመ ነው፤ ያውም ጥቂት ብሎ መጠኑን ወስኖ። እንግዲህ ጢሞቴዎስን ለመጠጥ ቤት ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው፣ ምስክሩ ዞሮ በራሱ ላይ ይመሰክርበታል። በቃናም ቢሆን ጌታችን ባለ ሠርጎቹን ከኀፍረት አዳናቸው እንጂ ማንንም ወደ ኀፍረት አልሰደደም።

ይሁን እንጂ የዛሬው ወቀሳችን በወጣቶቹ ላይ አይደለም። ነቢዩ ዕንባቆም በምዕራፍ 2 ቁጥር 15 ወዮታውን የሚያወርደው በሚጠጣው ላይ ሳይሆን፣ ባልንጀራውን በሚያጠጣውና በሚያሰክረው ላይ ነው። እኛም ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብበን አልፈነዋል! ቆመን እንድናስተውለው ያደረገን አንድ የንስሐ ልጃችን ነው። ነገሩን እንድንናገር ፈቅዶልናል፤ ስሙንና ሰፈሩን ግን እንተወዋለን።

ከብዙ ዓመት በፊት በኅዳር ሚካኤል በአንድ ቤት የጽዋ ማኅበር ተሰብስበን ነበር። ዳቦውንና ጠላውን ባርከን ከተቀመጥን በኋላ፣ የባለቤቱ ልጅ፣ የ17 ዓመት ጎረምሳ፣ በትሕትና እየዞረ ይቀዳ ጀመር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እሱስ አይጠጣም ወይ?» አሉ። ልጁ አፍሮ ወደ ኋላ አለ። ያን ጊዜ እኛ ጽዋውን በእጃችን አንሥተን፣ «ጠጣ እንጂ ልጄ፤ የማኅበር ጽዋ ነው፤ በረከት አለበት» ብለን ሰጠነው። ጠጣ። ሁለተኛም ተቀዳለት፤ ሦስተኛም። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ጭንቅላቱ ጠንካራ ነው፤ የወንድ ልጅ!» ተብሎ ተመሰገነ፤ አባቱም ደስ አለው።

ይኸው ልጅ በ26 ዓመቱ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኛ መጣ። ትምህርቱን አቋርጦአል፤ የእናቱን የአንገት ወርቅ ሸጦ ጠጥቶበታል። እኛም እንደ ልማዳችን፣ «ከየትኛው ክፉ ባልንጀራ ገጥመህ ነው ይህን የለመድኸው?» ብለን ጠየቅነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላም መሬት መሬት እያየ፣ «የመጀመሪያውን ጽዋ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ አባቴ» አለን። ሊከሰን አልነበረም፤ የተጠየቀውን መመለሱ ነው። መስቀላችንን እንደ ያዝን የምንናገረው ጠፋን።

ስለ ጠንካራ ጭንቅላት ሐኪሞች የሚያስተምሩትን ሰምተን ደነገጥን። መጠጥ በቶሎ የማይሰማው ወጣት፣ ራሱን ቶሎ ከሚያዞረው ይልቅ ኋላ የመጠጥ ባሪያ ለመሆን የተጋለጠ ነው፤ በቃኝ የሚያሰኘው ምልክት ዘግይቶ ይመጣበታልና። እኛ በየድንኳኑ እያጨበጨብን የምናሞግሰው እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ያለበትን ልጅ ነው። የሰው አንጎልም እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አይጨርስም ይላሉ። መጠኑንም ብንመረምር፣ ቢራ ከመቶ 5 እጅ ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ አረቄ ከመቶ 40 እጅና ከዚያም በላይ ሊኖረው ስለሚችል፣ አንዲቱ ትንሽ መለኪያ የአንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል ትይዛለች። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ፈጽሞ የማይጎዳ የመጠጥ መጠን የለም ብሎ አስታውቋል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከዚያ በፊት በሬዲዮ ሳይቀር የቢራ ዘፈን ይሰማ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ እርሱም በዚሁ አዋጅ ቀርቷል። መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ ሻጩን ይዳኛል እንጂ፣ «በሞቴ! እኔን ካልናቅኸኝ ጠጣልኝ!» የሚለውን አጎት ማን ይዳኘዋል? በድንኳናችን ውስጥ ጽዋው በነጻ ነው። የሐዋርያት ቀኖና በመጠጥ የተጠመደውን ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስና ዲያቆን ካልታረመ ከሹመቱ ይሻር ይላልና፣ ከእኛ ከካህናቱ ቢጀመር የተገባ ነው። ደግሞም ሥጋና ወተት ትተው በአረቄ የሚጾሙ አሉ፤ ይህ ምን ዓይነት ጾም እንደ ሆነ እነርሱው ይንገሩን።

በቤታችሁ አስቀድሞ የተያዘ ልጅ ካለ ግን ይህን ስሙን። ለብዙ ዓመት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥም ሊይዘው፣ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ዘግታችሁበት ወይም አስራችሁ ወደ ጠበል አትውሰዱት። አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ በአዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ። ጠበሉም ንስሐውም አይቀሩበትም፤ የፈጠረው አምላክ በሐኪም እጅም ይፈውሳል። የእኛ ልጅ የተነሣው እንዲሁ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው።

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እዚያው ቤት ደረሰ። ይቀዳ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ እርሱም 17 ዓመቱ ነው። አንድ ሽማግሌ እንደ ድሮው፣ «ለእሱም ቅዱለት እንጂ» ብለው የራሳቸውን ጽዋ ዘረጉለት። ልጁ ወደ እኛ ተመለከተ። እኛም ተነሥተን ጽዋውን ከእጃቸው ተቀበልንና፣ «ለዚህ ልጅ ብርዝ አምጡለት» አልን። እናቲቱ ሮጣ አመጣች። ሽማግሌው ግን በሰው ፊት አዋረዳችሁኝ ብለው ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታችንን አይቀበሉም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከቤታቸው ሄደን፣ በሰው ፊት ስላሳፈርናቸው ይቅርታ እንለምናቸዋለን። ስለ ብርዙ ግን አንለምናቸውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።