ከበረት ወደ ገበታ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አሮጌ የገበሬ ቤት ወደ ሥጋ ምግብ ቤት ይለወጥ በተባለ ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያነሣው የመስኮቱንና የወንበሩን ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ እሳቱና ስለ ግድግዳው እናገራለሁ፤ ቤቱን የሚያቆሙትም የሚያፈርሱትም እነዚህ ሁለቱ ናቸውና።

በሰሜን እስፓኝ፣ በባስኮች አገር፣ የገበሬው ቤት ሰውን፣ ከብትንና ድርቆሽን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስጠልል ወፍራም የድንጋይ ቤት ነው። በዚያው አገር፣ ከአንቦቶ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሽፔ መንደር፣ ቪክቶር አርጊንሶኒስ በ1990 እ.ኤ.አ. በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ኤቼባሪ የተባለውን ጥብስ ቤት ከፈቱ። ስሙ በባስኮች ቋንቋ «አዲስ ቤት» ማለት መሆኑ ያስገርማል። እንጨቱን በምድጃ አንድደው ፍሙን ብቻ ይወስዳሉ፤ ፍርግርጉንም ራሳቸው ባበጁት መዘውር ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። እንዲህ ላለ ሥራ ንድፉ ከእሳቱ መጀመር አለበት፤ ሌላው ሁሉ ይከተላል።

ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለ እንጨት ለዓመታት ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጥና ቀድሞ በማይነድበት ሙቀት ይቀጣጠላል። ጮማውም በጭስ መሄጃው ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ ማውጫው ከጣሪያው እንጨት የራቀና በየጊዜው የሚጠረግ ይሁን። ጭስ የጎጆውን ክዳን ከነቀዝ ይጠብቃል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እውነትም ነው። ሆኖም በእናቶቻችን ምድጃ ላይ ከጧት እስከ ማታ ጮማ አይቀልጥም ነበር።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ብዙ ዘመን ከብት የታሰረበት ድንጋይ ከሽንትና ከፍግ ጨው ጠጥቷል። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ጨዉ ይሟሟል፤ ሲደርቅ ደግሞ ነጭ ሆኖ በገጹ ላይ ይረጋል፣ ልስኑንም ገፍቶ ይጥላል። ይህን በሲሚንቶ መሸፈን በሽታውን ማልበስ ነው፤ መውጫ ያጣው እርጥበት ወደ ላይ ይወጣና ወለሉን የተሸከመውን የአግዳሚ ግንድ ጫፍ ያበሰብሳል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፋል፤ ጨው ሲጠጣም ተፍቆ ይታደሳል። ሥጋው እንዲለሰልስ ለሳምንታት የሚሰቀልበት ቀዝቃዛ ክፍልም ከድንጋዩ ጋር አይጣበቅ፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ካልተተወ ግድግዳው ጤዛ ያዝላል።

ቀንበርና ማረሻ ለጌጥ መስቀሉን አልወደውም። የድንጋዩ ግርግም ግን ከቦታው እንዳይነሣ እከራከራለሁ፤ ውኃ ከተሳበለት እንግዶች እጃቸውን ይታጠቡበታል።