መልቲፕል ስክለሮሲስ ያደረበት ሰውና የእንቅልፍ ኪኒን



እንቅልፍ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም በእኩል አይደርስም። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ካደረባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ፤ በማግስቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት ደክመው ነው። እንግዲህ እንቅልፍ ያመጣል የተባለ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሸጥ ቢያዩ፥ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ ይዞላቸው ቢመጣ፥ እጃቸውን ቢዘረጉ አይፈረድባቸውም። የዚህ ንግግር ዓላማም እነርሱን መንቀፍ ሳይሆን፥ ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን መግለጽ ነው።

ይህን በሽታ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ በ1868 ዓ. ም. በፓሪስ በሚገባ ገልጾታል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የሰውነት መከላከያ ኀይል ወዳጅና ጠላትን መለየት ተስኖት፥ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያሉትን ነርቮች የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ ያጠቃል። ልባሱ ሲጐዳ የነርቮቹ መልእክት ይዘገያል፥ አለዚያም ይቋረጣል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ይኸውም ሰው ለሥራ በሚበረታበት ዘመን ነው፤ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ለምሳሌ ያህል ይህ በሽታ ያለባትን አንዲት መምህርት በአሳብ መመልከት ይቻላል። በሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነቃው እንቅልፍ ስለ ራቃት ሳይሆን ሽንት ስለሚያጣድፋት ነው። እንቅልፍ የሚያከብድ ኪኒን ብትውጥ ሽንቱ መቀስቀሱን አይተውም፤ እርሷ ግን በደንብ ሳትነቃ፥ በደነደኑት እግሮቿ በጨለማ ስትራመድ ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ኪኒን ይሻላል?» ሳይሆን «የሚቀሰቅሰኝ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሌላውን የሚቀሰቅሰው የጡንቻ መኰማተር፥ ሕመም፥ የእግር መቍነጥነጥ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። በሽታው ሲያገረሽ የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎንም ራሱ እንቅልፍ ይነሣል። ለእያንዳንዱ ምክንያት የየራሱ ሕክምና አለ።

ከእንቅልፍ ኪኒኖች እጅግ የታወቀው ሜላቶኒን ነው። በ1958 ዓ. ም. አሮን ለርነርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከከብት አንጎል ዕጢ ለይተው ያወጡት ሲሆን፥ የሰው አካልም ሲጨልም ያመነጨዋል። በብሪታንያ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ በአሜሪካ ግን እንደ ተጨማሪ ምግብ ስለሚቈጠር፥ እንደ መድኀኒት ተመርምሮ ሳይፈቀድ በየሱቁ ይሸጣል። በ2017 ዓ. ም. በካናዳ 31 የሜላቶኒን ምርቶች ሲመረመሩ፥ በአንዳንዱ ውስጥ የተገኘው መጠን በላዩ ከተጻፈው በ83 ከመቶ ሲያንስ፥ በሌላው በ478 ከመቶ በልጦ ተገኘ። በ8ቱ ውስጥ ደግሞ ያልተጻፈ ሴሮቶኒን ነበረ። ከዚህም በላይ ሜላቶኒን የመከላከያውን ኀይል ሥራ ስለሚነካ፥ ይህን ኀይል የሚያረግብ መድኀኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

«የተፈጥሮ ነውና አይጐዳም» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን አሳስቷል። ትሪፕቶፋን በምግብ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም በ1989 ዓ. ም. በአሜሪካ ለእንቅልፍና ለሌላም ጕዳይ ተብሎ በኪኒን ሲሸጥ፥ ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ጡንቻንና ነርቭን በሚጐዳ ሕመም ተይዘው፥ ከ30 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ካቫ የተባለው ተክልም ጕበትን ክፉኛ ሊጐዳ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ባለሥልጣን በ2002 ዓ. ም. አስጠንቅቋል። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ከሚሰጡት መድኀኒቶች ጥቂቶቹ ጕበትን የሚነኩ ስለ ሆኑ፥ ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይጨምራል።

ጡንቻን ለማላላት ባክሎፌን ወይም ቲዛኒዲን የሚወስድ ሰው ቫለሪያን ቢጨምርበት፥ ድብታው ሊደራረብ ይችላል። ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት የእንቅልፍ ኪኒን ሽንትን ይይዛል፥ አሳብንም ያደበዝዛል። ማግኒዥየም እንኳ ለሽንት ቧንቧ ቍስል ከሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር በአንድነት ቢወሰድ፥ መድኀኒቱ ወደ ደም በሚገባ እንዳይገባ ያግደዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ዓ. ም. እንደ መከረው፥ ለቈየ የእንቅልፍ ማጣት አስቀድሞ የሚሞከረው ኪኒን ሳይሆን የመኝታን ልማድና አሳብን የሚያርም ትምህርት ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፥ ከቀትር በኋላ ቡናን መተው፥ እንቅልፍ ሳይመጣ በአልጋ ላይ አለመቈየት ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ሐኪሙ ኪኒን ከፈቀደ ደግሞ አንድ ዐይነት ብቻ በትንሽ መጠን ይጀመር፤ ከመጠጥ ጋር አይወሰድ፤ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውም መንገድ መብራት አይጕደለው።

ከሁሉ በላይ ግን ሕመምተኛው የሚወስደውን ሁሉ፥ ቅጠልም ቢሆን ዘመድ ያመጣውም ቢሆን፥ በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙና ለመድኀኒት ባለሙያው ያሳይ። «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል ዛሬም እውነት ነው፤ የሚውጠውን የደበቀም ከዚሁ የራቀ አይደለም።