የሞቱትን ስንቆጥር
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስለ ቁጥር ነው። የቁጥር ነገር ያሰለቻል ብላችሁ እንዳትተዉን እንለምናችኋለን፤ የምንናገርለት ቁጥር ለቅሶውን የደረስንለት ሰው ነውና።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ፣ «ዛሬ ይህን ያህል ሰው ሞተ» ሲባል እየሰማን ከረምን። ቁጥሩ ሲያንስ ተጽናናን፤ ሲበዛ ደነገጥን። በጠቅላላው በአገራችን በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7,500 ጥቂት ይበልጣል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተቆጠረው ተመርምሮ በሽታው የተገኘበትና ሞቱ ለጤና ባለሥልጣናት የደረሰው ሰው ነው። በገጠር ቤቱ ሳል ጸንቶበት፣ ምርመራ ሳያገኝ ያረፈ ሽማግሌ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። እድሩ ግን ድንኳን ተክሎ ቀብሮታል።

የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ጉድለት ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ሌላ ስሌት አወጣ። ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮ ይሞት የነበረው ስንት ነው፣ የሞተውስ ስንት ነው ብሎ ልዩነቱን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በመላው ዓለም በኮሮና ሞቱ ተብለው የተነገሩት 5.4 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በዚህ ስሌት የተገኘው 14.9 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ሁሉንም ቫይረሱ ገደላቸው ማለት አይደለም፤ ሐኪም ቤት ተጨናንቆባቸው በሌላ ደዌ የሞቱም አሉበት። ደግሞም ግምት ነው። የሞት መዝገብ በሌለበት አገር ግምቱ የቆመው በሌሎች አገሮች መረጃ ላይ ነው፤ የሚበዙት የአፍሪካ አገሮችም እንዲህ ናቸው።

አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝም እንደዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የዓለሙ ሟች 21 ሚሊዮን ያህል ነው ተባለ፤ በ2002 የወጣ ጥናት ግን 50 ሚሊዮን አደረሰው። በአዲስ አበባ ያለቀው ሕዝብ ከ5,000 እስከ 10,000 ይገመታል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ 5,000 ሰው ይኑር አይኑር ግን መለየት አልቻልንም።

መቁጠር አይቻልም አንልም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረው ሰው ዕድሜና ጾታ፣ ዘመዶቹ የሚናገሩት የሞቱ ምክንያትም ይመዘገብ ጀመር። የኤድስ ሞት ምን ያህል እንደ ነበረ፣ መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም እንዴት እንደ ቀነሰ ከዚያ መዝገብ ታየ። ሆስፒታል ያልነገረንን መቃብር ነገረን።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ነገሩ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ሪፖርት ስትጽፉ ሁለት ፈተና አለባችሁ። ቁጥሩ ከፍ ቢል የለጋሹ ልብ ይራራል፤ ዝቅ ቢል ደግሞ የወረዳው ሹም ደስ ይለዋል። እኛም በዋናው ቢሮ የምንቀመጠው ከፍ ያለውን ቁጥር በፊተኛው ገጽ ማውጣት እንወዳለን፤ ይህን ደብቀን አንመክራችሁም። ይሁን እንጂ ያነሰ ቁጥር የላካችሁበት መንደር መድኃኒት ሳይደርሰው ይቀራል፤ የበዛ ቁጥር የላካችሁበት ደግሞ የሌላውን መንደር ድርሻ ይወስዳል።

ስለዚህ «ስንት ሞተ?» ብላችሁ ሊቀ መንበሩን ብቻ አትጠይቁ። የእድሩን ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። በየቤቱ ስትገቡ «ከፋሲካ ወዲህ ከዚህ ቤት ማን አረፈ?» በሉ፤ ሰው ቀኑን ቢረሳ በዓሉን አይረሳም። ሕፃናትን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ክርስትና ሳይነሣ ወይም ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራልና። ያያችሁትን በአንድ ዓምድ፣ የሰማችሁትን በሌላ ጻፉ። ምክንያቱ ካልታወቀም «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ቢመጣ ከቢሯችን ማንም አይመልስባችሁም።