ስለ ድኻ የሚናገር ሰው ዕዳ



ጌታ በወንጌል ምጽዋት የሚሰጥ ሰው በፊቱ መለከት እንዳያስነፋ ከልክሏል። ይህን ይዘው፥ ስለ ችግረኛ በጋዜጣና በራዲዮ መናገር ከንቱ ውዳሴ ነው የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ነገር ግን መለከቱ የተከለከለው ስለ ሰጪው ክብር ነው እንጂ ስለ ተራበው ሰው ጩኸት አይደለም። በየሰፈሩ የዕድር ጡሩምባ በማለዳ ሲነፋ ጡሩምባ ነፊውን ውዳሴ ፈላጊ ነው የሚለው የለም፤ የሚጮኸው ስለ ሌላው ሐዘን ነውና። የቆሎ ተማሪም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ድምፁ ቍራሹን ያመጣለታል። ከአልጋው የማይነሣው በሽተኛ፥ በሩቅ አገር ያለው ችግረኛ ግን የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ሥራ ሠርቷል። በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ገንዘብ ሲያሰባስብ፥ የመቄዶንያ ሰዎች ከድኽነታቸው ላይ እንደ ሰጡ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈላቸው፤ ይህ በዛሬ ቋንቋ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ደብዳቤ ብቻ ልኮ አልተወም። ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈው ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገነ ሌላ ወንድም አብሮ ላከ። ስለ ድኻ የተናገረ ሰው በቃሉ ዕዳ እንደሚገባ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ዕዳ በኢትዮጵያ ምድር የከፈለ አንድ የባዕድ አገር ሰው ነበረ። ካርል ሃይንዝ በም በጀርመን አገር በዳርምሽታት የተወለደ፥ በፊልም ንጉሠ ነገሥት ኾኖ በመጫወት ስሙ የታወቀ ተዋናይ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በሚያየው የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ ቀርቦ ተወራረደ፤ ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ በሳህል አገር ላለው ችግረኛ አንድ የጀርመን ማርክ፥ ወይም አንድ የስዊስ ፍራንክ፥ ወይም ሰባት የኦስትርያ ሽልንግ አይሰጥም አለ። ውርርዱን ረታ፤ ሢሶው አልሰጠም። ኾኖም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ተሰበሰበ። ሌላ ሰው ቢኾን ገንዘቡን ለአንድ ማኅበር አስረክቦ ወደ ተውኔቱ ይመለስ ነበር፤ የሚነቅፈውም አይኖርም። እርሱ ግን በ1974 ዓ.ም. መባቻ ገንዘቡን ተከትሎ መጣ፤ በሐረርጌ በባቢሌ 1,500 ያህል ተፈናቃይ ዘላኖች በመጠለያ ሰፍረው አገኘ። ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለውን ድርጅት መሠረተ፤ እነዚያም ሰዎች በኤረር ሸለቆ መንደር ሠርተው ተቀመጡ። ኋላም ሥራው እስከ መርሐ ቤቴ ደረሰ። በጀርመንና በኦስትርያ ከተሞችም በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ ስለ ሥራው እያስታወቁ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ንግግሩ የጥቂት ደቂቃ ነበረ፤ ዕዳው ግን የሠላሳ ዓመት ሥራ ኾነበት። ያረፈው ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው።

ሌላም ዕዳ አለ፤ እርሱ የሚገባው ለችግረኛው ለራሱ ነው። በወሎ ረኃብ ጊዜ፥ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም «ያልታወቀው ረኃብ» ተብሎ በአገሩ ታየ። ተደብቆ የነበረው ተገለጠ፥ እርዳታም መጣ። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከግብዣና ከድግስ ሥዕል ጋራ ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። መውረዳቸው ተገባ ወይስ አልተገባም የሚለው ሌላ ነገር ነው። የረኃብተኞቹ ፊት ግን የተነሣው ለእንጀራ ነበረ፤ የዋለው ለመንግሥት ለውጥ ነው። እነርሱን ማን ጠየቃቸው? ደግሞም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኮረም ረኃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም እጁን ዘረጋ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ። የኢትዮጵያ ስም ግን በብዙ ባዕዳን ጆሮ ከረኃብ ጋራ ተጣብቆ ቀረ።

ስለዚህ ከደብሩ ወጣቶች ስለ ችግረኞች ያለ ዋጋ በራዲዮና በጋዜጣ ለመናገር የሚፈቅዱ ቢኖሩ፥ አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሂዱ። በዚያ ከተቀመጡት እማሆይ አጠገብ ቍጭ ብለው፥ ስማቸው ይነገር ዘንድ ይፈቅዱ እንደ ኾነ ይጠይቁ። አልፈቅድም ቢሉ ችግሩ ይነገር፥ ስሙ ይቅር። የሕፃን ፊትማ ጨርሶ አይታይ፤ ዛሬ ቢስቅ ነገ አድጎ ያፍርበታልና። የሚፈለገው ገንዘብና የሚውልበት ሥራ በቍጥር ይጻፍ፤ «እጅግ ብዙ» የሚል ቃል ለቅኔ ይመች እንደ ኾነ ነው እንጂ ለሒሳብ አይመችም። የሚናገረው ሌላ፥ ገንዘቡን የሚቀበለው ሌላ ይኹን። ሦስት ወርም ሲያልፍ ወደዚያው ራዲዮ ተመልሰው የተደረገውን ይናገሩ፤ ካልተደረገም አለመደረጉን ይናገሩ። ይህ ኹለተኛው ንግግር ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ እማሆይም በዚያው ደጅ ተቀምጠው ይሰማሉና፥ የተነገረው ከደረሳቸው ጋራ ይስማማ እንደ ኾነ የሚመሰክሩት እርሳቸው ናቸው።